ከተተከለው የጸደቀው፤ የአርሲ ደጋ ዛፎች ታሪክና የማኅበር ድርሻ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ ወደ ኋላ ዞረው የሚቆጥሩት አብዛኛውን ጊዜ ያከፋፈሉትን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ የሰበሰቡትን እህልና ለአባላት የመለሱትን የትርፍ ክፍፍል ነው። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም ስንዴውንና ገብሱን የሚያበቅለው አፈር፣ ምንጩን የሚመግበውና ጎርፉን የሚይዘው ጋራ አብሮ ካልተቆጠረ ሒሳቡ ጎዶሎ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የአርሲ ደጋ ሀገር በቀል ዛፎች እንዴት እንደሳሱ፣ እነሱን ለመመለስ በዚህ ምድርና በሌሎች የሀገራችን አካባቢዎች ምን እንደተሞከረ፣ ከተሞከረውም የቱ እንደጸደቀ እንመለከታለን። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄያችን አንድ ነው። በየክረምቱ ይህን ያህል ሰው በፈቃዱ ወጥቶ ይህን ያህል ችግኝ ሲተክል ኖሮ ጋራው ለምን አልለበሰም?

ስማቸው የቀረ ዛፎች

የአርሲ ደጋ የውኃ ማማ ነው። ጭላሎ፣ ጋለማ፣ ባዳና ካካ ወደ 4,000 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርሱ ተራሮች ናቸው። ከታር ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ ቀለታ ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። የዋቢ ሸበሌ ገባሮችም ከዚሁ ከፍታ ይነሳሉ። አርቦዬ ዋና ከተማው የሆነችው የጀጁ ወረዳ ከደጋው ተነስቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ ላይ የተሠራው ሁሉ ታች ይታያል። ጋራው ሲራቆት የታችኛው ገበሬ ማሳ በደለል ይሞላል፤ ክረምት በጎርፍ፣ በጋ በውኃ ጥም ይቸገራል።

ይህ ምድር በየከፍታው የራሱ ልብስ ነበረው። ከላይ አስታና አምጃ፣ ዝቅ ሲል ኮሶ፣ ቀጥሎ የሐበሻ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ወደ ወይና ደጋው ዋንዛ፣ ብሳናና ሾላ፣ ወደ ቆላው ልዩ ልዩ ዓይነት ግራር ይበቅሉ ነበር። በአካባቢው በኦሮምኛ ወይራ ኤጄርሳ፣ ዝግባ ቢርቢርሳ፣ ዋንዛ ወዴሳ፣ ኮሶ ሄጦ ይባላል። በእነዚህ ዛፎች የተሰየሙ ስንት መንደሮች አሉ! ስሙ ቀርቶ ዛፉ የጠፋበት መንደርም ጥቂት አይደለም።

ለገበሬው እነዚህ ዛፎች ጌጥ ብቻ አልነበሩም። ጽድ ምስጥ ቶሎ ስለማይበላው ለቤት ምሰሶና ለአጥር፣ ዝግባ ለጣውላ፣ ወይራ ለዕርፍና ለድግር፣ ዋንዛ ለሣጥንና ለቀፎ ይፈለጋል። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የኮሶ አበባ ዘመናዊ ኪኒን ከመምጣቱ በፊት የኮሶ ትል ዋና መድኃኒት ነበር። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘንም መጠለያው ይኸው የኮሶና የአስታ ጫካ ነው። ይህ እንስሳ ለውጭው ዓለም ሳይንስ የታወቀው ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ ከቀሩት መኖሪያዎቹ አንዱ የአርሲ ተራሮች ናቸው።

ድሮ ዛፉን የጠበቀው የሰው ቁጥር ማነስ ብቻ ሳይሆን ደንብም ነበር። የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበትን ኦዳ መቁረጥ ነውር ነው። ለአርሲና ለባሌ ኦሮሞ ኦዳ ሮባ የታሪክና የሥርዓት ስፍራ ነው። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድና በመቃብር ስፍራም ዛፍ ይከበራል። ዛሬ ያረጀ ጽድ ወይም ወይራ ማየት የሚሻ ሰው ወደ እነዚህ ስፍራዎች መሄዱ በአጋጣሚ አይደለም። ዛፉ የቀረው «ይህ የእኛ ነው፣ አይነካም» የሚል ማኅበረሰብ ባለበት ነው።

ሀገር በቀል ዛፍ መትከልም አዲስ ነገር አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከአንኮበር አጠገብ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። የመናገሻ ሱባ ደን ዛሬም በአዲስ አበባ አቅራቢያ ቆሟል።

ባሕር ዛፍ፣ ካዱና ትራክተር

በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ ባሕር ዛፍ ወደ ሀገራችን ገባ። ማገዶ ላጠራት አዲስ አበባ መድኅን ሆነ፤ ከዚያም ወደየክፍለ ሀገሩ ተዛመተ። ገበሬው የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ቶሎ ያድጋል፣ ከብት አይበላውም፣ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በችግር ቀን ተሽጦ ብር ይሆናል። ባሕር ዛፍን ማውገዝ ቀላል ነው፤ እሱ ባይኖር ግን የቀረው ወይራና ጽድ ለማገዶ ባለቀ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ባሕር ዛፍ የጫካ ምትክ ነው ተብሎ ሲታሰብና በምንጭ ዳር ሳይቀር ሲተከል ነው።

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ገበሬው ዛሬም «ካዱ» ይለዋል። ማዳበሪያ፣ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ብድር፣ የተሻሻለች ላም ለብዙ የአርሲ ቤተሰብ የደረሱት በካዱ በኩል ነው። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምርም መሠረቱ የተጣለው በዚያው ዘመን ነው። ድርጅቱ ከሥራ ዘርፎቹ መካከል ደንም ነበረው።

ታሪክ ግን ሁለት ፊት አለው። ስንዴ ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኛውን ከመሬቱ ማፈናቀላቸው በዘመኑ የተጠናና የተመዘገበ ነው። ትራክተርና ኮምባይነር ደግሞ በማሳ መሐል የቆመ ዛፍ አይወዱም። የግጦሽ መሬቱና የጫካው ዳር ወደ እርሻ ተለወጠ፤ የተፈናቀለውም ሰው ወደ ቁልቁለቱና ወደ ጫካው ተገፋ።

ዘመቻና የእርዳታ ስንዴ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ለአርሲ ገበሬ ይህ ታላቅ ቀን ነበር። ደኑ ግን የመንግሥት ሆነ፤ «የመንግሥት» ማለትም በገበሬው አንደበት ብዙ ጊዜ «የማንም» ማለት ሆኖ ቀረ። በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ በአርሲ ሲካሄድ ብዙው ገበሬ ከነባር ጓሮውና በጓሮው ካሳደጋቸው ዛፎች ርቆ ሠፈረ።

በዚያው ዘመን ሀገሪቱ ከዚያ በፊት ያላየችው የተከላ ሥራ ተጀመረ። ከ1970ዎቹ መግቢያ አንሥቶ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሚረዳው «ፕሮጀክት 2488» በብዙ ክፍላተ ሀገር እርከን ተሠራ፣ ጋራ ተከለለ፣ እጅግ ብዙ ችግኝ ተተከለ። ለአንድ ቀን ሥራ የሚከፈለው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ለተራበ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነፍስም አድኗል።

ሆኖም ክፍያው የሚታሰበው በተሠራው ቀንና በተቆፈረው ጉድጓድ እንጂ በጸደቀው ችግኝ አልነበረም። የሚተከለውን ዓይነት የሚመርጠው ከላይ የመጣ ባለሙያ ነበር፤ ብዙውም ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ሆነ። ጋራው ሲከለል እረኛው ከብቱን ወዴት እንደሚያሰማራ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው አልተነገረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ አካባቢ ሕዝቡ እርከኑን አፈረሰ፣ የተተከለውንም ዛፍ ቆረጠ። ይህን የፈጸመው ገበሬ ዛፍ ጠልቶ አይደለም። የእሱ መሆኑን አላወቀም፤ ነገ የሌላ ከሚሆን ዛሬ ልጠቀምበት አለ።

ስለ ደን የሚነገሩ ቁጥሮችም ጥንቃቄ ይሻሉ። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደጋገማል። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር ግን ይህ ቁጥር አስተማማኝ ምንጭ እንደሌለው አሳይተዋል። የተሳሳተ ቁጥር የተሳሳተ ሥራ ይወልዳል፤ ጉዳቱ ቁጥሩን ለማስመለስ ሲባል ብቻ መትከልን ማስከተሉ ነው።

ከጎረቤታችን ዶዶላ የመጣው ትምህርት

ከአርሲ ተራሮች በስተ ደቡብ፣ ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን በሚገኙት አዳባና ዶዶላ ወረዳዎች፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተለየ ሙከራ ተጀመረ። በ1992 ዓ.ም. «ዋልዳያ ጅራቶታ ቦሶና»፣ ማለትም የደን ነዋሪዎች ማኅበር፣ በሚል ስም የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች ውል ፈረሙ። አንድ ቡድን ከ30 አባል አይበልጥም። የሚረከበውም የደን ስፋት ለአንድ አባል 12 ሄክታር ያህል ታስቦ እስከ 360 ሄክታር ነበር። አባላቱ ለመንግሥት ዓመታዊ የደን ኪራይ ይከፍላሉ፤ የደኑ ሽፋን እንዳይቀንስ ይጠብቃሉ። በምላሹም በደንቡ መሠረት እንጨቱን የመጠቀምና የውጭ ሰው እንዳይገባበት የመከልከል መብት ያገኛሉ። በፈረስ ተራራውን ለሚጎበኙ እንግዶች ማረፊያ እየተሠራም ተጨማሪ ገቢ ተገኘ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ማኅበራቱ የያዙት ደን ሲያገግም ከእነሱ ውጭ ያለው ግን እየሳሳ መሄዱን አሳይተዋል። በአንድ ጋራ፣ በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ሕዝብ መካከል ልዩነቱን ያመጣው ባለቤትነት ነው።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። የአባላቱ ቁጥር በ30 በመወሰኑ ከማኅበሩ ውጭ የቀሩ ቤተሰቦች ቅር ተሰኝተዋል። ፕሮጀክቱ ሲያበቃም ቡድኖቹ ያገኙት የነበረው ድጋፍ ላላ። ከዚህ የምንማረው የጎረቤቱን ግማሽ ውጭ ያስቀረ ማኅበር ጠባቂ ሳይሆን ባላንጣ እንደሚያፈራ ነው። ይህ ለማንኛውም የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሠራ ቁም ነገር ነው።

ሕግ አውጥቶ መጠበቅ ከውጭ የተቀዳም አይደለም። በሰሜን ሸዋ መንዝ የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ደጋ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለ400 ዓመታት ያህል ተጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለላል፤ በጋራ ውሳኔ ይከፈታል፤ ያለ ጊዜው የሚገባ ይቀጣል። ያ ሥርዓት የላላው በ1967ቱ የመሬት ለውጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል።

ጉቶው የተመለሰበት ሁምቦ

በወላይታ የሁምቦ ተራራ ደግሞ ታሪኩ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ሥራውን የያዙት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸውና። ተራራው ተመንጥሮ ጎርፍና ናዳ ነዋሪውን ሲያስቸግር፣ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ወርልድ ቪዥን ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ሥራውን አስጀመረ። ሰባት የደን ጥበቃና ልማት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው 2,728 ሄክታር ተረከቡ፤ የመጠቀም መብታቸውም በሰነድ ተረጋገጠላቸው።

የሁምቦ ትልቁ ነገር ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው ደን የተመለሰው በችግኝ ሳይሆን ከመሬት ሥር በሕይወት ከነበረ ጉቶ መሆኑ ነው። አባላቱ ከብት እንዳይገባ ከለከሉ፤ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው መካከል ጠንካራውን መርጠው ሌላውን ገረዙ። ሣሩን በተራ እያጨዱ ለከብቶቻቸው ተሸከሙ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ በዓመቱም ከካርቦን ሽያጭ የመጀመሪያው ገቢ መጣ። ገንዘቡ የገባው ለማኅበራቱ ነበር።

ከድንበራችን ባሻገርም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በኬንያ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ በ1969 ዓ.ም. የጀመሩት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የገጠር ሴቶችን አደራጅቶ ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ አስተክሏል። በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ንቅናቄው ለሴቶቹ ጥቂት ሳንቲም ይከፍል የነበረው ግን በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ ነበር።

ዘሩ ራሱ የሚነግረን

ሀገር በቀል ዛፍ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ ባብዛኛው ወንዱና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው። በማሳ መሐል ብቻዋን የቀረች ዝግባ ብታምርም አጠገቧ ወንድ ከሌለ የሚበቅል ዘር አትሰጥም። የወይራ ዘር ቅርፊት ጠንካራ በመሆኑ ካልተሰነጠቀ በቶሎ አይበቅልም። የዝግባ ዘርም ትዕግሥት ይሻል።

ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ ባደረጓቸው ጥናቶች የደጋችን ትላልቅ ዛፎች አብዛኞቹ በአፈር ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሚቆይ የዘር ክምችት እንደሌላቸው ታውቋል። በግልጽ ቋንቋ፣ እናት ዛፎቹ ከተቆረጡ ደኑ ራሱን መተካት አይችልም። ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽም ሀገር በቀል ዛፎችን በችግኝ ጣቢያ ማባዛት እንደሚቻል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሠርተው አሳይተዋል።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። በቅርባችን በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን በ1990ዎቹ የተካሄደ ጥናት በተተከሉ የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ጥላ ሥር ብዙ ዓይነት ሀገር በቀል ዛፎች ራሳቸውን ችለው እየበቀሉ መሆኑን አረጋግጧል። ዘር የሚሰጥ የተፈጥሮ ደን በአቅራቢያው ስላለ ወፎችና አውሬዎች ዘሩን ያደርሳሉ። ስለዚህ የቆመው የፈረንጅ ዛፍ ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም። በጥበብ ከተያዘ ለወይራውና ለዝግባው ሞግዚት ሊሆን ይችላል።

ከቆጠራ ወደ ጥበቃ

በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተፋሰስ ሥራ በሕዝብ ነጻ ጉልበት በሰፊው ተጀመረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ተነሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ሕዝቡ ለዛፍ ለመውጣት ፈቃዱ እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የጎደለው ፈቃድ አይደለም። የተተከለበት መሬት ባለቤት፣ የተተከለው ዛፍ ዓይነትና የማግስቱ ጥበቃ ናቸው።

ደቦን እንመልከት። ደቦ የሚሠራው ሰው በፈቃዱ ስለሚወጣ ብቻ አይደለም። ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ነገም ተራው የሌላው ነው። ጋራውን ለማልበስ የሚወጣው በጎ ፈቃደኛ ግን ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ችግኙን ለማን አስረክቦ ነው የሚመለሰው?

መልሱ ማኅበር ነው እንላለን። ዝግባ ለጣውላ የሚደርሰው ተካዩ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ባለሥልጣን ይዛወራል፣ ፕሮጀክት ያልቃል፣ ሰው ያልፋል። አባሉ ቢሞት ዕጣው ለወራሹ የሚተላለፈው፣ ሒሳቡ በየዓመቱ የሚመረመረው፣ መሪው በጉባኤ የሚመረጠው የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ እንዲኖር ተደርጎ የተዋቀረ ነው። ሕጉም ይፈቅዳል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 አለ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ ከግልና ከመንግሥት ደን ጎን የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን ያውቃል።

ስለዚህ ከታሪኩ የምናወጣቸው ነጥቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ከመትከል በፊት መከለል ይቅደም። ጉቶና እናት ዛፍ ያለበት ጋራ ከብት ከተከለከለ ብዙውን ራሱ ይመልሳል፤ ችግኝ የሚያስፈልገው ዘሩ ለጠፋው ዓይነት ነው። ሁለተኛ፣ በየቀበሌው የቀሩት እናት ዛፎች ይመዝገቡ፤ ዘር የሚለቀመው ከእነሱ ነውና ከአንዱ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙዎቹ ይለቀም። ሦስተኛ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ሲረቀቅ ማገዶ የሚለቅሙት ሴቶችና ከብት የሚጠብቁት ወጣቶች በጉባኤው ይቀመጡ። ሣሩን ማን በየትኛው ወር እንደሚያጭድ፣ ዛፉ ሲደርስ ድርሻው እንዴት እንደሚከፋፈል አስቀድሞ ይጻፍ። አራተኛ፣ ባሕር ዛፍ በቦታው ይቆይ፤ ከምንጭና ከወንዝ ዳር ይራቅ እንጂ የማገዶ ችግር እስካለ ድረስ የጫካው ጋሻ ነው።

ለወረዳና ለቀበሌ ኃላፊዎችም አንድ አደራ አለን። ሪፖርት የሚጻፈው በሐምሌ ነው፤ ችግኝ የሚሞተው ግን በጥርና በየካቲት ነው። ቆጠራው ወደ በጋው ይዛወር። በሁለተኛው በጋ መጨረሻ በሕይወት ያለው ችግኝ ብቻ «ተተከለ» ተብሎ ይመዝገብ። መጀመሪያ ቁጥሩ ሊያሳፍር ይችላል፤ ሆኖም በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ ትንሽ ቁጥር በየዓመቱ ከዜሮ ከሚጀምር ትልቅ ቁጥር ይበልጣል።

ዩኒየናችን ማዳበሪያ ሲያከፋፍል ስንት ኩንታል እንደገባ ብቻ አይጠይቅም፤ ስንቱ ለአባሉ እንደደረሰ፣ ስንቱ እንደጎደለ በሰነድ ያረጋግጣል። ለዛፍም ያው ሒሳብ ይያዝለት። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ከሰበሰብነው እህልና ከከፈልነው የትርፍ ክፍፍል ጎን አንድ ተጨማሪ መስመር ይታተም፦ በአባል ማኅበራት ጥበቃ ሥር የጸደቀ ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ፣ ይህን ያህል።